ስምንት መቶ ቢሊዮኑ ዩሮ የት ነው ያለው? ስለ አውሮፓ ጦር ዝግጁነት ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አውሮፓ ከእንቅልፏ ነቅታለች ይላል። ሙግቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት 800 ቢሊዮን ዩሮ መድቧል፤ የወታደሩ ብዛት ሩሲያን ያስንቃል፤ የመድፍ ጥይት ምርቱ በዓመት 2 ሚሊዮን ደርሷል፤ ጦሩ ከጀርመን ተነሥቶ በሁለት ቀን ባልቲክ (ሊትዌኒያ፣ ላትቪያና ኢስቶኒያ) ይገባል፤ ሰማዩን ደግሞ «የድሮን ግድግዳ» የተባለው የድሮን መከላከያ ይዘጋዋል። ስለዚህ በ2030 አውሮፓ ያለ አሜሪካ ራሷን ችላ ትቆማለች። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖች «ልጆቻችሁ ሊዘምቱ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያም ጨምረዋል።

ቁጥሮቹ ከአየር ላይ የተዘገኑ አይደሉም። ጸሐፊው የሳቱት እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚለካ አለመጠየቃቸው ላይ ነው። የመበደር ፈቃድን እንደ ገንዘብ፣ የፋብሪካ አቅምን እንደ ጥይት፣ የደመወዝ መዝገብ ላይ ያለ ስምን እንደ ተሰላፊ ወታደር ቆጥረውታል። ነጥብ በነጥብ እንሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«አውሮፓ 800 ቢሊዮን ዩሮ መድባለች»

አልመደበችም። የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን በማርች 2025 ያቀረቡት ዕቅድ ሁለት ቁራጭ ነው። ትልቁ ቁራጭ፣ 650 ቢሊዮኑ፣ ፈቃድ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። አባል አገሮች ለአራት ዓመት፣ በየዓመቱ እስከ አገር ውስጥ ምርታቸው 1.5 በመቶ ድረስ ለመከላከያ ጨምረው ቢያወጡ የኅብረቱን የበጀት ሕግ ጣሳችሁ አይባሉም፤ ነገሩ ይኸው ነው። 650 የሚለው ቁጥር የተገኘው ሁሉም አገር ፈቃዱን ይጠቀምበታል ተብሎ በተሠራ ስሌት ነው። ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው የበለጠው ፈረንሳይና ጣሊያን ግን በመጀመሪያው ዙር አልጠየቁም፤ የበጀት ሕጉ ቢላላላቸውም አበዳሪው አይላላላቸውም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይህ ነው።

ቀሪው 150 ቢሊዮን «ሴፍ» የሚባል ብድር ነው። እስከ 45 ዓመት የሚከፈል፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት ዋናው ዕዳ የማይነካ ብድር ነው፤ ግን ብድር ነው። ቅድመ ሁኔታም አለው። ከሚገዛው መሣሪያ ክፍሎች በዋጋ ቢያንስ 65 በመቶው ከኅብረቱ፣ ከዩክሬን ወይም እንደ ኖርዌይ ካሉ ተጓዳኝ አገሮች መምጣት አለበት። ለፖላንድ ብቻ 43.7 ቢሊዮኑ ተመድቦላታል። ጀርመን አልጠየቀችም፤ በራሷ ስም ብትበደር ወለዱ ይረክስላታል። ጀርመን ያደረገችው ሌላ ነገር ነው። በዚያው ማርች ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከአገር ውስጥ ምርቷ 1 በመቶ በላይ የሆነውን የመከላከያ ወጪ ከዕዳ ገደቡ ነጻ አወጣች። ሚዛኑን የለወጠው ከብራስልሱ 800 ይልቅ ይህ የበርሊን ውሳኔ ነው፤ ጸሐፊው ግን አንድ መስመር እንኳ አልሰጡትም።

በእርግጥ የወጣውን ማወቅ ለሚፈልግ፣ 27ቱ አባል አገሮች በ2024 ለመከላከያ 343 ቢሊዮን ዩሮ አውጥተዋል፤ ለ2025 የተገመተው 381 ቢሊዮን ነው። ጭማሪው ትንሽ አይደለም። አገሮቹ ከአገር ውስጥ ምርታቸው «አሁን 5 በመቶ እየከፈሉ ነው» የሚለው የጸሐፊው ቃል ግን ስሕተት ነው። በጁን 2025 የኔቶ የሄግ ጉባኤ የተስማማው እስከ 2035 እንዲደረስበት ነው፤ ለጦሩ ራሱ የሚሆነው 3.5ቱ ብቻ ሲሆን፣ 1.5ቱ ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለሳይበርና ለመሰል ነገር ነው። ስፔን ያንንም አልችልም ብላለች። በዚያ ላይ የገንዘቡ የመግዛት ጉልበት አለ። የኔቶ ወታደራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት አድሚራል ሮብ ባወር በ2023 እንደተናገሩት፣ ከጦርነቱ በፊት 2,000 ዩሮ የነበረው አንድ የ155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት 8,000 ገብቶ ነበር። በጀቱ በእጥፍ አድጎ ዋጋው አራት እጥፍ ከሆነ መጋዘን የሚገባው ጥይት ቀነሰ ማለት ነው።

«በወታደር ቁጥር ሩሲያን እንበልጣለን»

በድምሩ ምናልባት። ግን ድምሩ ከሠላሳ በላይ የተለያዩ ጦሮች ናቸው፤ የየራሳቸው ሬዲዮ፣ የየራሳቸው መለዋወጫ፣ የየራሳቸው የዕረፍት ሕግ ያላቸው። አንድ ብርጌድ ሁልጊዜ ግንባር ላይ እንዲቆም ከተፈለገ ሦስት ብርጌድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይሠለጥናል፣ አንዱ አርፎ መሣሪያውን ይጠግናል። በጉባኤ ላይ የሚጠራው ቁጥር ለሦስት የሚካፈለው ለዚህ ነው።

ሊትዌኒያ የሚሰፍረውን የጀርመን 45ኛ ብርጌድ እንይ። ጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አንድ ሙሉ ብርጌድ በቋሚነት ውጭ አገር ስታሰፍር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ውሳኔው የተነገረው በጁን 2023፣ ምሥረታው በይፋ የተከበረው በሜይ 2025 ቪልኒየስ ላይ ሲሆን፣ 4,800 ወታደሮችና 200 ሲቪሎች ተሟልተው ዝግጁ የሚሆኑት በ2027 ነው። አራት ዓመት ማለት ነው። ዋናዎቹ ሻለቆችም አዲስ አይደሉም፤ የታንኩ 203ኛ ሻለቃ ከአውጉስትዶርፍ፣ የሜካናይዝድ እግረኛው 122ኛ ሻለቃ ከኦበርፊኽታኽ ተነቅለው ነው የሚሄዱት። ሊትዌኒያ የገባው ጀርመን ውስጥ ይጎድላል። ጀርመን በ2023 ለዩክሬን 18 ሊዮፓርድ 2 ሰጥታ ምትካቸውን በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ነበር ያዘዘችው፤ የመረከቢያው ጊዜ ግን 2025 እና 2026 ሆነ። አሥራ ስምንት ታንክ!

«የጥይት ችግር ተፈቷል፤ ሁሉም 155 ስለሆነ የአንዱ ለሌላው ይሆናል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ጽሑፉ በብዛት የሳተው እዚህ ነው።

2 ሚሊዮን የተባለው የአውሮፓ ኮሚሽን በ500 ሚሊዮን ዩሮ ድጎማው በ2025 ማብቂያ ይደረስበታል ያለው የማምረት አቅም ነው። አቅም ማለት ማሽኑ፣ ሠራተኛው፣ ብረቱ፣ ፈንጂውና ባሩዱ በአንድ ጊዜ ተሟልተው ከተገኙ ሊወጣ የሚችለው ነው። ኅብረቱ በማርች 2023 ለዩክሬን በ12 ወር ውስጥ 1 ሚሊዮን ጥይት ቃል ገብቶ ነበር፤ ያኔ የኅብረቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ጆሴፕ ቦሬል በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ፣ በቀነ ገደቡ የሚደርሰው 524,000 ገደማ እንደሆነ አመኑ። ያኔም የጠፋው ገንዘብ አልነበረም።

አንድ የ155 ጥይት የአራት ነገሮች ስብስብ ነው፦ አረሩ፣ አፉ ላይ የሚጠመደውና ፍንዳታውን የሚያስነሣው ፊውዝ፣ ከኋላ የሚገባው ባሩድና ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መለኮሻ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ መድፉ ዝም ይላል። በጋዜጣዊ መግለጫ የሚነገረው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የአረሩ ብቻ ነው።

አረሩ 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የብረት ጉማጅ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ በመጭመቂያ ይበሳል፣ እንደ ጠርሙስ ይሳባል፣ ይሞረዳል፣ አንገቱ ይጠብባል፣ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት ይታሰርለታል። ቀለበቱ በመድፉ ቦይ እየተፋተገ አረሩን የሚያሽከረክረው ነው። ይህን ሁሉ የመኪና አክስል ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ በጥቂት ወራት ሊለምደው ይችላል። ጭንቁ የሚመጣው ሲሞላ ነው። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ በ80 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ እንደ ሰም ሆኖ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ድረስ ይፈስስበታል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ካልተጠነቀቁ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ወይም ባዶ ኪስ ይቀራል። ጥይቱ ሲወነጨፍ ከመሬት ስበት ከ10,000 እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ስለሚያርፍበት፣ ያ ኪስ በድንገት ተጨፍልቆ ፈንጂውን እዚያው መድፉ ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል፤ በተኳሾቹ ላይ። ስለዚህ ቅዝቃዜው ከታች ወደ ላይ ቀስ ተብሎ ይመራል፣ ከዚያ ጥይቱ ራጅ ይነሣል። በሌሊት ፈረቃ እንኳ ሊፋጠን የማይችል ሥራ ነው።

ቲኤንቲው ራሱስ? በኅብረቱ ውስጥ ለዓመታት በብዛት ሲያመርት የቆየው አንድ ፋብሪካ ነው፤ የፖላንዱ ናይትሮ-ኬም፣ ቢድጎሽች ከተማ። ይህ ፋብሪካ በ2025 ከ2027 እስከ 2029 ድረስ 18,000 ቶን ቲኤንቲ ለአሜሪካ ለማቅረብ ተዋውሏል። በአንድ ጥይት 10 ኪሎ ብንል የ1.8 ሚሊዮን ጥይት ሆድ ዕቃ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል ማለት ነው። አሜሪካ አውሮፓን ታስታጥቃለች በሚባልበት ዘመን የአሜሪካን ጥይት የምትሞላው አንዲት የፖላንድ ከተማ ናት።

ባሩዱ ደግሞ ከጥጥ ይጀምራል። ፍሬው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው አጭሩ የጥጥ ጭረት በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ ተነክሮ ናይትሮሴሉሎስ ይሆናል፤ የባሩዱ መሠረት እሱ ነው። አውሮፓ ጭረቱን በብዛት የምታስገባው ከቻይና ነው። ከእንጨት ፈትልም ይሠራል፤ ነገር ግን ቃጫው ሲለወጥ የባሩዱ አነዳድ ስለሚለወጥ ሙከራው ሁሉ ከአንድ ይጀመራል። ፈረንሳይ የመድፍ ባሩድ ምርቷን በ2007 አቋርጣ ነበር፤ በቤርዠራክ መልሳ የከፈተችው በ2025 ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

አሁን ወደ «የአንዱ ለሌላው ይሆናል» እንምጣ። 155 የአፈሙዙ ስፋት ነው፤ ሌላው ሁሉ ይለያያል። ፒዜድኤች 2000 የተባለው የጀርመን መድፍ አፈሙዝ የ155 ሚሊ ሜትሩ 52 እጥፍ፣ ማለትም 8 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የባሩድ ጎድጓዱም 23 ሊትር ይይዛል። የቆዩት ባለ 39 እጥፎች አፈሙዛቸው 6 ሜትር ገደማ፣ ጎድጓዳቸው 18 ሊትር ነው። አንዱ አገር የሠራው አረር በሌላው መድፍ ውስጥ መግባቱን ይገባል፤ ጥያቄው የት ያርፋል የሚለው ነው። መድፍ፣ አረርና ባሩድ በተጣመሩ ቁጥር ጥምረቱ ተተኩሶ መፈተሽ፣ የተኩስ ሰንጠረዡ መዘጋጀትና የመድፉ ኮምፒውተር ውስጥ መጫን አለበት። ሰንጠረዡ ከሌለ ተኳሹ በግምት ይተኩሳል፤ የግምቱ ስሕተት በመቶዎች ሜትር ሊሆን ይችላል። የቀድሞው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪዮ ድራጊ ባቀረቡት የ2024 ሪፖርት ላይ እንደተጠቀሰው፣ የኅብረቱ አገሮች ለዩክሬን የሰጡት የ155 መድፍ አሥር ዓይነት ነው። የዩክሬን መጋዘን ጠባቂ ጥይቱን ሳይሆን ጋብቻውን ነው የሚመዘግበው።

ስሌቱን ለመጨረስ ያህል፣ የጀርመኑ የጦር መሣሪያ አምራች ራይንሜታል በኦገስት 2025 ኡንተርሉስ ላይ የከፈተው አዲስ ፋብሪካ በ2027 በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በዓመት 350,000 ጥይት ያወጣል። በቀን 5,000 ጥይት በሚተኮስበት ጦርነት ይህ የ70 ቀን ቀለብ ነው። በእያንዳንዱ ቀን የሚጓጓዘው የአረር ክብደት ብቻ 225 ቶን ነው፤ ባሩዱንና ማሸጊያውን አልቆጠርንም። አፈሙዙም ጥቂት ሺህ ጥይት ከተኮሰ በኋላ ቦዩ ተበልቶ ይቀየራል።

«ጦሩ በሁለት ቀን ባልቲክ ይደርሳል»

ወታደሩ በአውሮፕላን ይደርስ ይሆናል። ታንኩ ግን ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ስፋቱም 3.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ከተራ የባቡር ጭነት ስፋት ያልፋል። ስለዚህ ባቡሩ የሚሄድበት መስመር፣ ዋሻና መድረክ አስቀድሞ ተለክቶ መፈቀድ አለበት። ሐዲዱ ደግሞ አንድ አይደለም። የአውሮፓው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የባልቲኮቹ ከሩሲያ ዘመን የወረሱት 1,520 ነው። የአውሮፓው ሐዲድ ሊትዌኒያ ውስጥ ካውናስ ድረስ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ላትቪያና ኢስቶኒያ የሚቀጥለው ጭነት ሁሉ ተነሥቶ ሌላ ባቡር ላይ ይጫናል። ያንን የሚያስቀረው 870 ኪሎ ሜትሩ ሬይል ባልቲካ የተባለ አዲስ የባቡር መስመር ያለቀለታል የተባለው በ2030 ነው።

ድልድዮቹን ጀርመን ራሷ ታውቃቸዋለች። ኤ45 የተባለው አውራ ጎዳና ላይ ያለው የራህመደ ድልድይ በዲሴምበር 2021 ተጎድቶ ተዘጋ፣ በሜይ 2023 ፈርሶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነበር። የድሬስደኑ ካሮላ ድልድይ በሴፕቴምበር 2024 በሌሊት ኤልባ ወንዝ ላይ ወደቀ። ሁለቱንም የጎዳቸው ታንክ አይደለም፤ ዕድሜና ተራ ትራፊክ ነው።

ወረቀቱስ? የኅብረቱ የኦዲት ተቋም በ2025 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ የሌላ አገር ጦር በግዛቷ እንዲያልፍ የ45 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ የምትጠይቅ አባል አገር አለች። ፈረንሳይ በ2022 መገባደጃ ለክለርክ ታንኮቿን በከባድ ተሽከርካሪ ጭና ወደ ሮማኒያ ስትልክ፣ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጀርመን መንገድ ሕግ ስለበለጠ እንዳያልፉ ተከለከሉና በባቡር ሄዱ። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2025 ፈቃዱ በሦስት ቀን እንዲያልቅ ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳብ ነው፤ የአባል አገሮቹንና የፓርላማውን ስምምነት ይፈልጋል።

«የድሮን ግድግዳ ሰማዩን ይዘጋል»

ስሙን ያወጣው ፖለቲከኛ መሆን አለበት፤ የአየር መቃወሚያ ሰው ሰማይ ይዘጋል አይልም። ኮሚሽኑም ስሙን ጥሎ በኦክቶበር 2025 «የአውሮፓ የድሮን መከላከያ» ብሎታል፤ የመጀመሪያው አቅም በ2026 ማብቂያ፣ ሙሉው በ2027 ማብቂያ ነው የታሰበው።

በሴፕቴምበር 2025 ከ9 ለ10 አጥቢያ ሃያ ገደማ የሩሲያ ድሮኖች ፖላንድ ገቡ። የፖላንድ ኤፍ-16 እና የሆላንድ ኤፍ-35 ተነሡ፣ የጀርመን ፓትሪዮት ራዳሮች ተከታተሉ፤ የተመታው ከጥቂቶቹ አያልፍም። ከወደቁት ብዙዎቹ ገርቤራ የሚባሉ፣ ከፎምና ከጣውላ የተሠሩ ማታለያዎች ነበሩ። እነሱን ለመምታት የሚተኮሰው ሚሳኤል ዋጋ በመቶ ሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የምድር ክብነት ነው። በ50 ሜትር ከፍታ የሚበርን ድሮን መሬት ላይ የተተከለ ራዳር የሚያየው ቢበዛ ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮረብታ ካለ ከዚያም ያንሳል። ድሮኑ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ከበረ ለማየት፣ ለመለየትና ለመምታት 13 ደቂቃ አለ ማለት ነው። ዩክሬን ይህን ያቃለለችው በሺዎች የሚቆጠሩ ማይክሮፎኖችን ምሰሶ ላይ ሰቅላ የሞተሩን ድምፅ በማዳመጥ፣ መትረየስ የተጫነባቸው ፒክአፖችን በማሰማራትና ጥቂት ሺህ ዶላር በሚያወጡ ጠላፊ ድሮኖች ነው። አውሮፓ ይህን ዓይነቱን ርካሽ ነገር በብዛት መግዛት አልለመደችም፤ የግዢ ሥርዓቷ የተበጀው ጥቂት ውድ ነገሮችን በአሥር ዓመት ለመግዛት ነው።

«በ2030 ያለ አሜሪካ»

ጸሐፊው አቅጣጫውን አልሳቱም፤ ዓመቱን ነው የሳቱት። ብሩገልና የኪል ኢንስቲትዩት የተባሉት የጥናት ተቋማት በፌብሩዋሪ 2025 ባወጡት ግምት፣ ያለ አሜሪካ ለመቆም ወደ 300,000 ተጨማሪ ወታደርና በዓመት 250 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ተጨማሪ ወጪ ያስፈልጋል፤ ባልቲክን ለመጠበቅ ብቻ ቢያንስ 1,400 ታንክ፣ 2,000 የእግረኛ ብረት ለበስና 700 መድፍ። ይህን ፋብሪካ ይሠራዋል እንበል። በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞሉት አውሮፕላኖች፣ የስለላ ሳተላይቶቹ፣ የጠላትን ራዳር የሚያሳውሩት ጄቶች ግን አብዛኞቹ የአሜሪካ ናቸው። የኔቶ የአውሮፓ ጠቅላይ አዛዥም ከአይዘንሃወር ጀምሮ፣ ከ1951 ወዲህ፣ አሜሪካዊ ያልሆነበት ጊዜ የለም። የዕዝ ልምድ በበጀት ዓመት አይገዛም።

«ልጆቻችሁ ሊዘምቱ ነው»

ይህ ቤተሰብ የሚያስደነግጥ ወሬ ስለሆነ ሕጉን ማየት ይሻላል። የጀርመን ፓርላማ በዲሴምበር 2025 ያጸደቀው ሕግ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በ2008ና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ወንዶች 18 ሲሞላቸው መጠይቅ እንዲደርሳቸው ያደርጋል። ወንዶቹ መሙላት ግዴታቸው ነው፤ ለሴቶች በፈቃድ ነው። ለወንዶቹ የሕክምና ምርመራም ይከተላል። መዝመት ግን በፈቃደኝነት ነው፤ ግዴታ እንዲሆን ፓርላማው ሌላ ሕግ ማውጣት አለበት። መጠይቁ የሚመለከተው የጀርመን ዜግነት ያለውን ነው፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በመኖሪያ ፈቃድ ያለ ልጅ አይደርሰውም። ዜግነቱን ያገኘው ግን ይደርሰዋል፤ «እኛን አይመለከትም» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተት ቅጣት ሊያመጣ ይችላል።

ስዊድን ያለው ነዋሪ ሊያነበው የሚገባው ሌላ ሕግ ነው። እዚያ የአጠቃላይ መከላከያ ግዴታው ዜጋ ሆነም አልሆነ ከ16 እስከ 70 ዓመት ያለውን ነዋሪ ሁሉ ይመለከታል። ጠብመንጃ የሚይዘው በውትድርና ሕጉ የተጠራው ዜጋ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ግን ነርሷ ሆስፒታሏ ውስጥ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ መሪው ላይ እንዲቆይ ሊታዘዝ ይችላል።